የታቢታ ስንዝር

ያቤጽን መጀመሪያ የመታሁት በሜትር ነው፤ ያ ተጠቅልሎ ኪስ በሚገባው የብረት ሜትር። መዶሻው በኋላ ነው የመጣው። ፖሊስ ጣቢያም የተናገርኩት ይህንኑ ነው፣ አልዋሸሁም። ቱግ ባይ ነኝ፣ ሰፈሩ ያውቀኛል። ከሦስት ዓመት በፊት የአንድ ደንበኛ ጥርስ አውልቄ ጉባኤ ፊት ቆሜ ንስሐ ገብቻለሁ። ከዚያ ወዲህ ሰው ላይ እጄን አንስቼ አላውቅም ነበር።

መሃል ከተማ ሱቅ አለኝ። የጫጩት ማሞቂያ እሠራለሁ፤ ከላይ የሚሰቀል ጠፍጣፋ ቆርቆሮ ነው፣ ውስጡ የሚግል ሽቦ አለው። ነሐሴ ላይ፣ ዝናቡ አላስወጣ ባለበት ሳምንት፣ እህቴ ታቢታ ደወለች። ባሏ ያቤጽ ሐይቅ ዳር የመዝናኛ ግቢ አለው። እዚያ በመስታወት ሣጥን ውስጥ ዘንዶ ያኖራል፤ እንግዳ ሲመጣ አንገቱ ላይ ጠምጥሞ ፎቶ ይነሳል። የሚያበላውና የሚያጸዳው ግን እሱ አይደለም፣ እሷ ናት።

«ወንዴ፣ ለእባቡ ማሞቂያ ሥራልኝ» አለችኝ። «ብርዱ አጃጅሎታል። ያቤጽ አምፖል ቢያስገባለት ጀርባውን አቃጠለው። በዚህ ከቀጠለ ይሞታል።»

«ይሙታ። እባብ አይደል እንዴ?»

«እሱ ከሞተ እኔም አልተርፍም» ብላ ሳቀች። እኔም ሳቅሁ። ምን ዓይነት ጅል እንደሆንኩ እዩ።

«ደግሞ ስማ፣ ጣሪያውን ሁሉ እንዳትሸፍነው። እስከ ግማሹ ብቻ። እባብ ላብ የለውም፤ ሲሞቀው ወደ ቀዝቃዛው ጥግ መሸሽ ብቻ ነው የሚችለው። መሸሻ ካጣ ያብዳል።»

ልኩን ስጠይቃት ስምንት ስንዝር በአራት አለችኝ።

«በማን ስንዝር?»

«በማን ይሆናል፣ በእኔ ነዋ።»

ከዚህ በላይ መጠየቅ አላስፈለገኝም። አባታችን ሣጥን ሠሪ ነበር፣ እጁ የማያርፍ ሣጥን ሠሪ። አንድ ቀን ሜትሩ ቢጠፋበት ሁለታችንንም በጣውላ ገረፈን፣ ከዚያም በታቢታ እጅ መለካት ጀመረ። ያኔ አሥራ ስድስት ዓመቷ ነበር። የታቢታ ስንዝር ልክ ሃያ ሴንቲ ናት፣ ዝንፍ አትልም። ስንት ሣጥን በእሷ እጅ ተሠርቶ ተሽጧል። ስለዚህ ሣጥኑ መቶ ስልሳ በሰማንያ ነው አልኩ። የርዝመቱን ግማሽ ያዝኩ፣ ከወርዱ ለዳርና ለዳር ትንሽ ቀነስኩ፣ ሰማንያ በሰባ አድርጌ ሠራሁት። ሙቀቱ ልኩ ላይ ሲደርስ የሚያጠፋ መቆጣጠሪያም አደረግሁለት።

ቅዳሜ ከሰዓት በባጃጅ ጭኜ ወሰድኩት። ገና ከበሩ ያቤጽ ሲሳደብ ይሰማኛል። እባቡ አፍንጫውን ከመስታወቱ ጋር እያጋጨ አድምቶታል፤ አምፖሉ አሁንም እላዩ ላይ ይነዳል። ያቤጽ በብረት ዘንግ ጭንቅላቱን እየመታ ወደ ውስጥ ይመልሰዋል። ክንዱ ላይ ሁለት ቦታ ተነክሷል።

«መጣህ?» አለኝ። «እባቡን እህትህ ልትገድልብኝ ነው።»

አምፖሉን ነቅዬ ማሞቂያውን አነሳሁ። አልገባም። አዞርኩት፣ አጋደምኩት፣ አልገባም። ያቤጽ ዘወር ብሎ ታቢታን አየና «መለካት እንኳን አትችይም?» ብሎ በዘንጉ ጫፍ ሆዷ ላይ ወጋት። ከግድግዳው ጋር ተጣበቀች።

እዚህ ላይ መዋሸት አልችልም፤ መጀመሪያ የተናደድኩት በእሷ ነው። የአራት ቀን ድካሜን ገደል ከተተችው ብዬ። «በምን ለካሽው አንቺ?» ብዬ ጮህኩባት። ሜትሬን አውጥቼ ሣጥኑን ለካሁ። መቶ ሃያ በስልሳ። መቶ ሃያን ለስምንት ባካፍል አሥራ አምስት። ስልሳን ለአራት ባካፍል አሥራ አምስት። መቁጠር የተሳሳተ ሰው በሁለቱም በኩል እኩል አይሳሳትም። ስንዝሯ ናት ያጠረችው።

«እጅሽን ዘርጊ» አልኳት።

ቀኝ እጇን ነጠላዋ ውስጥ ሸሸገች። ጎትቼ አወጣሁት። አውራ ጣቷ ወደ መዳፏ ታጥፎ፣ አጥንቱ እንደተጣመመ ደርቋል። በፍቼ፣ በሲዳማ ዘመን መለወጫ፣ ጉዱማሌ ሜዳ ላይ ሳገኛት ያ እጅ በሻርፕ ተጠቅልሎ ነበር። ሻይ ፈሰሰብኝ ብላኝ አምኜ ሄድኩ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ።

«ምን ሆነሽ ነው?»

«በር ነው» አለ ያቤጽ።

«በር ነው» አለች እሷም፣ እኩል፣ በአንድ አፍ።

ከዚያ በኋላ ዓይኔ ደም ለበሰ። ሜትሩን እንደያዝኩ ጉንጩ ላይ አሳረፍኩት፣ ጥርሱ ሲላቀቅ በጄ ተሰማኝ። እሱም በዘንጉ ጆሮዬን አለኝ፤ ዛሬም በዚያ ጆሮ አልሰማም። ተያይዘን ሣጥኑ ላይ ወደቅን። መስታወቱ ረገፈ፣ ክርኔ እስከ አጥንቱ ተሰነጠቀ። የማን ደም እንደሆነ አላውቅም፣ ወለሉ አዳለጠን። ላዩ ላይ ወጣሁና ማንቁርቱን በጉልበቴ ያዝኩ። ቀኝ እጁን ጎትቼ ያ ከንቱ ማሞቂያ ላይ አጋደምኩት፣ ከሥራ ቦርሳዬ መዶሻ አወጣሁ።

«ስንዝርህን ዘርጋ» አልኩት።

ለመነኝ። እውነቱን ልናገር፣ ሲለምነኝ ደስ አለኝ። አውራ ጣቱን በመጀመሪያው ምት አላገኘሁትም፤ ሦስት ጊዜ መታሁት።

ቀና ስል ታቢታ እኛን እያየች አልነበረም። እባቡ በስብርባሪው መሃል ተስቦ እርጥቡ ሲሚንቶ ላይ፣ ከአንድ የውሃ ገንዳ ሥር ተጠቅልሏል። ተንበርክካ በነጠላዋ ጠቀለለችው፣ ማዳበሪያ ውስጥ ከተተችው፣ አቅፋው በበሩ ወጣች። ስጠራት አልዞረችም።

አሥራ ዘጠኝ ቀን ታስሬ በዋስ ወጣሁ። ታቢታ ቃሏን ሰጥታለች። የእሱን ተናገረች፣ የእኔንም ተናገረች፣ ምንም አላስቀረችም። ይህ ከጆሮዬ በላይ አመመኝ።

በወጣሁ በሳምንቱ ሱቅ መጣች። ከስታለች። ሻይ ላስመጣልሽ ብላት አልፈለገችም።

«ለአንቺ ብዬ እኮ ነው» አልኳት።

«እሱም ጣቴን የሰበረ ዕለት ለአንቺ ብዬ ነው አለኝ። አባባም ሲገርፈን ለእናንተ ብዬ ነው ይል ነበር። ደግሞ አንተና እሱ በእኔ ስንዝር ነው የተጣላችሁት።» ጣቷን አየችው። «እንዳጠረ እንኳን አላወቅሁም ነበር። ልማድ ሆኖብኝ ለካሁ።»

የእባብ ልጅ እባብ ነኝ አልኳት።

«እባቡን አትስደብ» አለች። «እሱ የነከሰው መሸሻ ስላጣ ነው።»

ቤት ተከራይታለች፣ አዲስ ሣጥንም አሠርታለች። ወረቀት ሰጠችኝ፦ መቶ ሃያ በስልሳ፤ ማሞቂያው ስልሳ በሃምሳ ይሁን ይላል። ቤቱ የት ሰፈር ነው ብዬ ጠየቅኋት፣ ወስጄ እንድሰቅልላት።

«ራሴ እሰቅለዋለሁ። የት እንደሆነ አልነግርህም።»

«እኔ ወንድምሽ አይደለሁም?»

«ነህ። ግማሹ ቀዝቃዛ ይሁን አላልኩህም?»

በሦስት ቀን ሠርቼ ጨረስኩ። ልትወስደው ስትመጣ ከቦርሳዋ አዲስ የብረት ሜትር አወጣች። ጎንበስ ብላ በግራ እጇ ርዝመቱን ለካች፣ ወርዱን ለካች፤ እኔ ቆሜ ጠበቅኋት።