ሰ የጠፋበት መንደር

እናቴ ያወጣችልኝ ስም ሱቫ ነው። በኛ አገር አፍ በቀቀን ማለት ነው፤ ገና በእቅፍ ሳለሁ መለፍለፍ ስለማበዛ ነው አሉ። ያደግሁት ከቢካኔር ከተማ ወዲያ፣ ከኖካ ባሻገር፣ ነፋስ የአሸዋውን ክምር ከቦታ ቦታ ሲያዛውር በሚውልበት አገር ነው። አባቴ ቱልሳራም አናጺ ነበር። የግመል ጋሪ ይሠራል፣ በርና መስኮት ይጠርባል። እኛ ሱታሮች፣ የአናጺ ዘሮች፣ ልጃችንን የምንድረው ለሱታር ብቻ ነውና፣ በአቅራቢያው ለኔ የሚሆን ቤት ቢጠፋ ጎድዋር ለሚባል ሩቅ አገር ሰው ሰጠኝ።

«አይዞሽ ልጄ» አለኝ ሳለቅስ። «ባዕድ አገር አልሰደድኩሽም። እነሱም ማርዋሪ፣ እኛም ማርዋሪ። አፋችን አንድ ነው።»

አባቴ ጎድዋርን ረግጦት አያውቅም ነበር።

የገባሁበት መንደር ከአራቫሊ ተራራ ግርጌ ነው። ውሃ እንደ ልብ ነው፤ በበሬ የሚዞረው የጉድጓድ መንኮራኩር ሲጥ ሲጥ እያለ ይውላል፤ ማንጎው ለመንገደኛ ይረግፋል። ከጋሪው ወርጄ ደጃፉ ላይ ስቆም፣ አማቴ ጃምኩ መሸፈኛዬን ገለጥ አድርገው አዩኝና «ሁቫ፣ እንኳን ደህና መጣሽ» አሉኝ።

ሌላ ሰው የጠሩ መስሎኝ ወደ ኋላዬ ዞርኩ።

በዚያ አገር ሰ የለም። እኛ ሰባትን ሳት እንላለን፤ እነሱ ሃት ይላሉ። ሃት ደግሞ እኛ ዘንድ እጅ ነው። አማትን እኛ ሳሱ ወይም ባጭሩ ሳስ፣ እነሱ ሃሁ። የአትክልት ወጥ ለኛ ሳግ ነው። «ሃግ አምጪ» ሲሉኝ ግን በመሸፈኛዬ ውስጥ ፊቴ ፍም መሰለ፤ የኛ አገር ሰው ሃግ የሚለውን ነገር በምግብ ሰዓት አያነሣም።

ሰ ጨርሶ አይወጣላቸውም ብዬ እንዳልተወው፣ እኛ ቸ በምንልበት ቦታ ደግሞ ይችኑ ሰ ከየት እንደሆነ ያመጧታል። አሬራ ለኛ ቻች ነው፤ ለነሱ ሳስ። ይህን ያወቅሁት በገባሁ ሰሞን፣ ግቢው በእንግዳ ተሞልቶ ሳለ ነው። አማቴ ከጓሮ ተጣሩ።

«ሁቫ! ሳሷን ምቺና ለእንግዶቹ ቅጂ!»

«ማንን?» አልኩ።

«ሳሷን ነዋ! ማሰሮው አጠገብ ናት! ደህና አድርገሽ ምቻት!»

እውነትም አማቴ ማሰሮው አጠገብ ቆመዋል። መምቻውን እንጨት ይዤ ደርቄ ቀረሁ። የባለቤቴ እህት ማግኒ አየችኝና መጣች። ያኔ ገና ጉንጯ የሞላ ልጃገረድ ነበረች።

«እትዬ፣ ምን ሆንሽ?»

«እናትሽ ምቺኝ ይላሉ» አልኳት በሹክሹክታ።

ማግኒ ነገሩ ሲገባት መሬት ላይ ተቀምጣ ሆዷን ይዛ ሳቀች። ከዚያ ተነሥታ ለናቷ ነገረች። እሳቸው ለጎረቤት ነገሩ። በማግስቱ ውሃ ልቀዳ ብሄድ መንደሩ ሁሉ ሰምቶታል።

«ሁቫ፣ ዛሬስ ሳስሽን መታሻት?»

«መታሻት ወይስ አዘንሽላት?»

መጀመሪያ አብሬያቸው ሳቅሁ። ክፋት አልነበረበትም። ግን አፌን በከፈትኩ ቁጥር ሕፃናቱ ቃሌን እየተቀበሉ ያስተጋቡት ጀመር። «እሄዳለሁ» ለማለት እኛ ጃሱ ነው የምንለው፤ እነሱ ጃውላ። «ጃሱ ጃሱ» እያሉ ከኋላዬ ይዘላሉ። ቀስ በቀስ ዝም ማለት አመጣሁ። በቀቀኗ ለሰው ራስ ከመነቅነቅ በቀር መልስ ጠፋት።

ባለቤቴ ቬናራም ቦምቤይ ለቤት ዕቃ ሥራ ሲሄድ በሩ ላይ ቆሞ «አውላ» አለኝ። እመጣለሁ ማለቱ ነው። በኔ አገር አፍ «አሱ» ቢለኝ ኖሮ ልቤ ይበልጥ ባመነው። ይህን ልነግረው አፈርኩ፤ ሄደ።

ለጎሿ ግን እናገር ነበር። ከጋጣው ሰው ሲጠፋ ግንባሬን ጎኗ ላይ አስደግፌ እያለብኩ የእናቴን ወሬ፣ የአሸዋውን ሽታ፣ የመጀመሪያው ዝናብ ሲጥል እንዴት እየጮህን እንደምንሮጥ፣ ሁሉንም ሰን ሳልደብቅ አወራላታለሁ። አንድ ማለዳ ቀና ብል አማቴ በሩ ላይ ቆመዋል። ምን ያህል እንደሰሙ አላውቅም።

«ይህቺ ጎሽ አንቺ ከመጣሽ ወተቷ በረከተ» አሉ። «ቀጥይ፣ ቀጥይ። አታቋርጪባት።»

ጋጣውን ለቀው ሄዱ። ከዚያ ወዲያ በዚያ ሰዓት ማንንም ወደ ጋጣው ዝር አያስብሉም ነበር።

ዓመታት ሄዱ። ቬናራም ለበዓል እየመጣ ይመለሳል፤ ልጅ ወለድኩ። ማግኒ ለአቅመ ሔዋን ደርሳ ታጨች፤ ሙሽራው ደግሞ የአሸዋው አገር ሰው ሆነ፤ የኔ አገር ሰው። ሠርገኛው ከሰዓት በኋላ ከበሮውን እያስመታ ገባ። ቀያይ ጥምጣማቸውን ከጓሮ ሆኜ አንድ በአንድ አየሁ።

እንደ ልማዱ ሠርገኛው ለመብል ሲቀመጥ የሙሽሪት ወገን ሴቶች በዘፈን ይሰድቡታል። ይህ ካልተዘፈነ ነው ሰው የሚቀየመው። ሴቶቻችን ጀመሩ። ገና ከመጀመራቸው ከሠርገኛው መሃል አንዱ ጎረምሳ ጮኸ።

«ምን አሉ? ምንድን ነው የሚሉት? ኧረ ሴቶች፣ ሰን የት አደረጋችኋት?»

«ፍየል በላባቸው!» አለ ሌላው።

«ሃግ ይዛችሁ እንዳትመጡ ብቻ! እኛ ሳግ ነው የምንበላ!»

ድንኳኑ በሳቅ ተናጋ። ሴቶቻችን እርስ በርስ ተያዩ፤ ዘፈኑ ቀዘቀዘ፤ ከዚያም ጨርሶ ቆመ።  አማቴ ሕዝቡን ሰንጥቀው ወደኔ መጡ። እኔ ከኋላ ሆኜ ላፕሲውን፣ ያን በቅቤና በስኳር የተሠራ ቅንጬ፣ ለመብሉ እየጨለፍኩ ነበር።

«ተነሽ» አሉኝ። «መልሽላቸው።»

«እማዬ፣ እነሱ እኮ የአገሬ ሰዎች ናቸው።»

«ስለሆኑማ ነው! የት ጋ ሲነኩ እንደሚያማቸው ካንቺ ሌላ ማን ያውቃል?»

ከሴቶቹ ፊት ቆምኩ።  መሸፈኛዬን እስከ አገጬ ሳብኩና ጀመርኩ።

«ሙሽራው ታጥቦ መጣ፣ በአሸዋ ተለቅልቆ፤
ውሃውን ግመሉ ጠጣው፣ ለሱ ሳይተርፍ አልቆ።
አያቱ ማጠራቀሚያውን በቁልፍ ቆልፈውት፣
ቁልፉን አንገታቸው ላይ እንደ ጌጥ አሥረውት፣
ፊቴን ልታጠብ ቢል በጥፊ መለሱት።»

 መጀመሪያ ሽማግሌዎቹ ሳቁ፤ በኛ አገር የውሃ ማጠራቀሚያ እንደ ወርቅ ሣጥን እንደሚቆለፍ ያውቃሉና። ቀጥሎ ጎረምሶቹም ሳቁ። ሴቶቻችን ነፍስ ዘርተው አዝማቹን እየተቀበሉ ያወርዱባቸው ጀመር። ስለ ጎረምሳው ጢም ዘፈንኩ፣ ስለ ግመሉ ዘፈንኩ፣ ነፋስ ጥምጣሙን ስለወሰደበት የሙሽራው አጎት ዘፈንኩ። ለስንት ዘመን የታፈነ አፌ መቆሚያ አጣ።

በመሃሉ አሱራም የሚባሉ የሙሽራው ወገን ሽማግሌ እጃቸውን አንሥተው ዝም አስባሉን።

«ይህ የኛ አገር ስድብ ነው» አሉ። «እዚህ አገር አይበቅልም። ልጄ፣ የማን ልጅ ነሽ?»

«የቱልሳራም» አልኩ ከመሸፈኛዬ ውስጥ።

«የጋሪ ሠሪው? የቱልሳራም?» ተነሡ። «የሱ ጋሪ እስከ ዛሬ ቤቴ አለ እኮ! እሱ ጋሪውን ሲሠራ አንቺ እንጨት ፍቅፋቂው ውስጥ ስትጫወቺ አይቼሻለሁ! ማን ነበር ስምሽ?»

«ሁቫ» አልኩ።

ድንኳኑ እንደገና በሳቅ ፈረሰ። እጄን አፌ ላይ ጫንኩ። ስሜን ነበር የተጠየቅሁት፤ እናቴ ያወጣችልኝን ስም። እንዴት እንዲህ ሆኖ እንደወጣ እኔ ራሴ አላውቅም።

አሱራም አልሳቁም። ቀርበው እጃቸውን ራሴ ላይ አሳረፉ።

«ሱቫ» አሉ ቀስ ብለው። «ሱቫ ነበር የሚልሽ አባትሽ። ከደጅ ሆኖ ሲጣራ ሰምቻለሁ።»

ያን ጊዜ አለቀስኩ። አባቴም እናቴም ከሞቱ ወዲህ በዚያ ስም የጠራኝ ሰው አልነበረም። ሽማግሌው ለገዛ ልጃቸው እንደሚያደርጉት ቢጫ ነጠላ አምጥተው ትከሻዬ ላይ ጣሉልኝ። አማቴ ግን ክንዴን ቆንጠጥ አደረጉኝ።

«ኧረ አንቺ! ዛሬ ማልቀስ የሙሽሪት ድርሻ ነው። ገና ማግኒ ሳትጀምር!»

እሳቸውም ግን ዓይናቸውን በመሸፈኛቸው ጫፍ ይጠርጉ ነበር።

በማግስቱ ማለዳ ማግኒ እጇ በሂና እንደቀላ መጥታ አጠገቤ ተሸጎጠች።

«እትዬ፣ እዚያ ሄጄ ምን ልሆን ነው? እንደ አንቺ ሊሥቁብኝ ነው።»

«ሳግ በይ።»

«ሃግ።»

«አሬራውን ሳስ ትይው የለ? እንደዚያ አድርገሽ። ሳ።»

«ሃ።»

«እንዲህ ብለሽ ምግብ ካቀረብሽላቸው ገና ከምድጃው ሳትነሺ ወዳባትሽ ቤት ይመልሱሻል።»

እየሣቅን ሳለ እሷ አለቀሰች። ጋሪው እስኪጫን ድረስ እጄን አልለቀቀችም።

ለዝናቡ በዓል ለቲጅ፣ ያገባች ልጅ ሁሉ ወደ እናቷ ቤት በምትመለስበት ጊዜ፣ ማግኒ መጣች። ኒም ዛፉ ላይ ዥዋዥዌ ተሰቅሎ ነበር። ከጋሪው ስትወርድ ለናቷ «ከበዓሉ በኋላ እሄዳለሁ» ለማለት «ጃሱ» ብትል፣ አማቴ ጃምኩ ደነገጡ።

«ልጄን ምን አደረጉብኝ?» አሉ። «ወስደው ቀየሯት!»

እኔ ግን ዥዋዥዌው ላይ አጠገቤ አስቀመጥኳት። አውሪኝ አልኳት። እሷ በኔ አገር አፍ የአሸዋውን፣ የግመሉን፣ የቆላፊዋን አያት ወሬ ታወራልኛለች፤ እኔ በሷ አገር አፍ የማንጎውን፣ የጎሿን፣ የጎረቤቱን ጠብ እነግራታለሁ። ዓይኗን ጨፍና ነበር የምትሰማኝ። እኔም ጨፈንኩ። ጃምኩ ከሰገነቱ ሆነው «እናንተ ልጆች፣ ምግቡ ቀዘቀዘ እኮ!» እያሉ ይጣራሉ፤ ማናችንም አልተነሣንም።

ጃምኩ ካረፉ ቆይተዋል። ልጆቼ ቦምቤይ ናቸው፤ የልጅ ልጆቼ ስልክ ላይ በሂንዲ ያናግሩኛል፣ ሲሰለቹ ለእናታቸው ይሰጧታል። ማግኒ ጉልበቷ ስለታመመ መምጣቱን ትታዋለች። ባለፈው ክረምት ግን ልጇ መኪና ነበረውና ይዟት መጣ። ዥዋዥዌ የሚሰቅል ሰው የለም፤ የገመድ አልጋውን ዛፉ ሥር አወጣሁ። እስኪመሽ ድረስ እዚያው ላይ ተጋድመን፣ እሷ በኔ አገር አፍ፣ እኔ በሷ፣ አወራን።