ከመደርደሪያው ጀርባ

«አጥፋው አልኩህ እኮ።»

«ማን ሰማውና ነው የማጠፋው?» አለ ወንድሟ ካልሲውን እያወለቀ። «አድማጮቻችን አንቺ፣ እኔና እማዬ ነን። እማዬም እንቅልፍ እምቢ ሲላት ነው የምትከፍተው።»

ጭቅጭቁ ከእራት በፊት የጀመረ ነበር። እህትየው የፋርማሲ ተማሪ ናት፤ የመጨረሻ ዓመቷን የተግባር ልምምድ የምትሠራው በአንድ ሆስፒታል ምድር ቤት፣ መድኃኒት ማዘጋጃው ውስጥ ነው። ወንድሟ ደግሞ ማይክ ይዞ ከጫማ መደብር በር ላይ ገበያተኛ ይጠራል። ድምፁ ወፍራም ነው፤ የተናገረው ሁሉ እውነት ይመስላል። ለፈተና ስታጠና የምትጽፈውን እሱ ቁም ሣጥን ውስጥ፣ ካፖርቶች መሃል ቆሞ ያነበዋል፤ እሷ ትቀዳለች፤ ከዚያ ፖድካስት አድርገው ይለቁታል። «ከመደርደሪያው ጀርባ» ብለውታል። እንደ እሷ ያሉ ተማሪዎች የታክሲ ወረፋ ላይ ቆመው እየሰሙ አንዱን መድኃኒት ከሌላው እንዲለዩ ብላ የጀመረችው ነው። ስመ ጥር የሆኑትን ፖድካስቶች ሰው ሁሉ ያውቃቸዋል፤ ይህን የሚያውቀው ግን ከስንት አንድ ነው። ያየችውን ለመጻፍ የደፈረችውም ስለዚህ ነበር።

የመጨረሻውን ዝግጅት ከመጽሐፍ አላወጣችውም።

ከማዘጋጃው ጎን ባለው የመደርደሪያ ክፍል መድኃኒት የሚደረደረው በፊደል ተራ ነው። ኃላፊው፣ ተማሪዎቹ ፊት ለፊት «ጋሼ»፣ ዞር ሲል ደግሞ «ሚዛን» የሚሉት ሰው፣ አንድ ሣጥን ከተራው ወጥቶ ካየ ቀኑን ሙሉ ፊቱ አይፈታም። በዚህ ተራ ምክንያት ስማቸው የሚቀራረብ ሁለት መድኃኒቶች ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። አንዱ ትውከት ያቆማል፤ ሌላው የልብ ምት ያዘገያል። ብልቃጦቻቸው አንገታቸው ላይ ሰማያዊ ቀለበት ያላቸው፣ ቁርጥ መንትያ ናቸው። አንድ ቀን ሚዛን ለሕፃናት ዋርድ ያዘጋጀውን ትሪ ይዛ ስትወጣ፣ ደረጃው ላይ ቆም ብላ የብልቃጦቹን ጽሑፍ አነበበች። ለትውከት በታዘዘው ቦታ የተቀመጠው የልብ መድኃኒቱ ነበር። ተመለሰች፤ እሱ ጀርባውን ሰጥቶ ስልክ ሲያወራ ብልቃጡን ቀየረች፤ ለማንም ትንፍሽ አላለችም። የልምምዷ ውጤት በእሱ እጅ ነው። እሱ አላለፈችም ካለ ምረቃ የለም፤ እናቷ ደግሞ የምረቃዋን ነገር ለጎረቤት ሁሉ አውርታ ጨርሳለች።

ዝምታው ግን እንቅልፍ ነሳት። ስለዚህ ጻፈችው፣ ወንድሟም አነበበው። ዛሬ ጠዋት ሚዛን ተማሪዎቹን ሰብስቦ፣ ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር ግን ለተማሪ የሚጠቅም ፖድካስት ማግኘቱን፣ ሐሙስ በምሳ ሰዓት አንዱን ዝግጅት አብረው እንደሚሰሙ ነገራቸው። ስሙን ሲጠራው በእጇ የያዘችው መለኪያ ብርጭቆ ሊያመልጣት ምንም አልቀረውም።

«በይ እንግዲህ፣ አራተኛ አድማጭ አገኘን» አለ ወንድሟ። ፊቷን ሲያይ ቀልዱን ተወውና ስልኩን ዘረጋላት። «እንኪ። በገዛ እጅሽ አጥፊው።»

አጠፋችው። ዝግጅቱ ከዝርዝሩ ወጣ። ከስንት ቀን በኋላ ያን ሌሊት ደህና ተኛች።

ሐሙስ ዕለት ማዘጋጃው ውስጥ፣ ማቀዝቀዣው በሚያንገራግርበት ጥግ፣ ተማሪዎቹ በርጩማ ስበው ተቀመጡ። ሚዛን ስልኩን ከሙጫ ጠርሙስ ጋር አስደግፎ አቆመው። ምድር ቤቱ ኔትወርክ ስለማይደርሰው የሚሰማውን ሁሉ ከቤቱ አውርዶ እንደሚመጣ ነገራቸው።

«ይኼኛውን ገና አልሰማሁትም፤ ከእናንተ ጋር ልስማው ብዬ አቆይቼው ነው» አለ። «ትናንት ሳይ ከዝርዝሩ አንስተውታል። ደግነቱ እኔ ዘንድ አለ።»

ከዝርዝሩ የወጣ ነገር ከሰው ስልክም እንደማይወጣ ለአፍታ እንኳ አላሰበችም፤ ወንድሟም አላሰበም። ከበርጩማው ልትነሳ ስትል ሚዛን ስልኩን ነካው።

የወንድሟ ድምፅ ክፍሉን ሞላው። ስለ ፊደል ተራ አወራ፣ ቀለደም፤ ተማሪዎቹ ሳቁ፣ ሚዛንም ፈገግ አለ። ቀጥሎ ስለ ሰማያዊዎቹ ቀለበቶች ተናገረ። እሷ የሚዛንን እጆች ታይ ነበር። አንገቱ ላይ ያንጠለጠለውን የመደርደሪያ ክፍል ቁልፍ ሲያሽከረክር የነበረው እጁ ቆመ። ስለ ትሪው፣ ስለ ሕፃናት ዋርድ፣ ስለ ደረጃው ሲነገር ፈገግታው ከፊቱ ላይ ሟሟ። እሷ መዳፏን ጋውኗ ላይ ደጋግማ ጠረገች፤ ላቡ ግን አልደርቅ አላት።

«ልጅቷ ብልቃጡን ቀየረችው» አለ ድምፁ። «ሕፃኑ ተረፈ። ሣጥኖቹ ግን ዛሬም ጎን ለጎን ናቸው። ነገም እጅ ይሳሳትባቸዋል።»

ስልኩ ዝም ሲል ተማሪዎቹ ባለድምፁ ማን ይሆን በሚለው ተከራከሩ። አንዷ ውጭ አገር የተማረ ዶክተር ነው አለች። ሌላው ጡረታ የወጣ መምህር መሆን አለበት ሲል፣ አንዱ ደግሞ ይህን ድምፅ ጫማ ሲገዛ የሰማው እንደሚመስለው ተናገረ፤ ሁሉም ሳቁበት።

ሚዛን አጠገቡ ወደተቀመጠችው፣ ያን ትሪ ወደ ዋርዱ ይዛለት ወደወጣችው ልጅ ዞረ። ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «ልጅቷ ለምን አልነገረችውም?» አለ።

እኔ ምን አውቃለሁ ማለት ትችል ነበር። መልሱ አፏ ላይ ደርሶም ነበር። ከግድግዳው ወዲያ ሣጥኖቹ ጎን ለጎን እንደተቀመጡ ናቸው፤ የከሰዓቱ ትሪ ደግሞ ገና አልተዘጋጀም።

«ፈርታ ነው።»

«ምኑን?»

«እርስዎን፣ ጋሼ።»

አላፈጠጠባትም፤ አልተቆጣም። ያን ጊዜ የበለጠ ፈራችው።

«ያ ልጅ ተወግቶት ቢሆን ኖሮ...» አለና ተወው። «ነገ ጠዋት ዋርድ አብረን እንወጣለን። እኔ ያደረግሁትን እናገራለሁ። አንቺም የደበቅሽውን ትናገሪያለሽ። ከዚያ ወዲያ እኔንም አንቺንም ምን እንደሚያደርጉን አላውቅም።»

ይህ ሰው አላውቅም ሲል ሰምታው አታውቅም።

«እሺ ጋሼ» አለች። ድምፅዋ ለራሷም በደንብ አልተሰማትም።

ተማሪዎቹ ጫማ ገዛሁ ያለውን ልጅ ከበው ስንት ቁጥር እንደሚያደርግ፣ ዶክተሩ ራሱ ለክቶለት እንደሆነ እየጠየቁ ያሾፉበታል። ሚዛን ስልኩን ጠረጴዛው ላይ ትቶ ተነሣ፤ ቁልፉን ከአንገቱ አወለቀ፤ በመካከላቸው አልፎ፣ ሁለቱን ሣጥኖች ከተራቸው አውጥቶ ሊለያያቸው ወደ መደርደሪያው ክፍል ገባ።