ጣት የምታህል ክፍተት

«ሰባት ነጥብ ሰባት» አለ ሹፌሩ በልቡ።

ከጎኑ የተቀመጠችው ለቀስተኛ እጁን ይዛ ስለ ፈጣሪ ፈቃድ ትነግረዋለች። እሱ ግን በትከሻዋ ላይ አሻግሮ ጥግ ያለውን የመስታወት ገንዳ፣ ከገንዳውም ሥር ቀይ ቁጥር የምታበራውን ትንሽ መለኪያ ነው የሚያየው። ጠዋት ከስምንት በላይ ትል ነበር። ቤቱ ሰው በሰው ሲሆን ቁልቁል ተያያዘችው።

«እሱ ያመጣውን ማን ይመልሳል» አለ። ሴትየዋ ምን እንዳለችው እንኳ አልሰማም፤ ደግነቱ ለቅሶ ቤት ውስጥ ይህ መልስ ለማንኛውም ነገር ይሆናል።

ሹፌሩ ፈርቷል። ጡረታ እስኪወጣ ድረስ አገር አቋራጭ አውቶቡስ ነድቷል፤ ቁልቁለት ላይ ፍሬን እምቢ ብሎትም ያውቃል። ያኔ እንኳ መሪውን አለቀቀም። አሁን ግን ከያች ቀይ ቁጥር ዓይኑን መንቀል አልቻለም።

ገንዳው የልጁ ነው። ልጁን ከቀበረ ሦስተኛ ቀኑ ነው። ሕፃን ሳለች ኮሽታ የማያመልጣት ነበረችና «ቆቄ» ይላት ነበር፤ አድጋ መነጽር ሠሪ ሆና የግማሹን ሰፈር ዓይን ስትለካም ስሙ አልለቀቃትም። እዚያው መነጽር ቤት፣ የአንዲት አሮጊት ዓይን እየለካች ሳለ፣ «አንዴ ይቅርታ» ብላ ወንበር ስባ ተቀመጠች። ከዚያ ወንበር አልተነሣችም። ልብ ነው ተባለ፤ አብሯት የተወለደ፣ ማንም ያላወቀው።

ገንዳው ውስጥ ያለው የባሕር ውሃ ነው፤ ጨዉን በጥብጣ የምታዘጋጀው እሷ ነበረች። ሁለት ብርቱካንማ ዓሦች አሉበት፣ ከዓሦቹ ሥር ደግሞ ኮራል የሚባለው። ስታመጣው የአውራ ጣት ጥፍር ያህል ነበር፤ ዛሬ በሁለት እጅ ታቅፈው የሚሞላ ሆኗል። «ድንጋይ እንዳይመስልህ አባዬ፣ እንስሳ ነው። አጥንቱን ራሱ ነው የሚገነባው» ትለው ነበር። ውሃው ከኮመጠጠ ግን መገንባት ያቅተዋል፤ ሲብስም የገነባው መበላት ይጀምራል። መኮምጠጡን የምትናገረው ያች ቁጥር ናት፣ እነሱ ፒኤች የሚሏት። ከስምንት በላይ ስትሆን ቆቄ ታፏጫለች፤ ስትወርድ ቆቄ ዝም ትላለች። ሹፌሩ ስለ ገንዳው የሚያውቀው ይህንኑ ነው።

እዚህ ቤት ውስጥ ከእሷ ነገር ገና እያደገ ያለው ኮራሉ ብቻ ነው። እሱ ከሞተ ልጁን ሁለት ጊዜ መቅበሩ ነው።

«ምነው አንተ፣ ሰው እያናገረህ ዓይንህ ገንዳ ላይ?» አለችው ታላቅ እህቱ የሻይ ብርጭቆ እያቀበለችው። ከቀብሩ ወዲህ ቤቱን የያዘችው እሷ ናት። ፀጉሩ ሸብቶም አሁንም እትዬ ነው የሚላት።

«ወረደ እትዬ።»

«ምኑ?»

«ቁጥሩ። ሰው ሲገባ ይወርዳል፣ ሰው ሲወጣ ይነሣል።»

እትዬ ለቀስተኛውን ከዳር እስከ ዳር ቃኘችና ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ዓይን ነዋ!»

«ኧረ እትዬ!»

«ዓይን ነው እልሃለሁ። የገባው ሁሉ ‹እንዴት ያምራል› እያለ ሲገተርበት አላየህም? ለቅሶ ነው የመጡት ወይስ ሲኒማ?»

ከመኝታ ቤት አንሶላ አምጥታ ገንዳው ላይ ጣል አደረገችበት። ሹፌሩ ክው አለ። ከልጁ ከፈን ወዲህ በነጭ የተሸፈነ ነገር ማየት ይበቃው ነበር። ሊገፈው እጁን ሰነዘረና ተወው፤ ከእሱ የተሻለ ምን ያውቃል? የፈራ ሰው የማያምነው ነገር የለም። ትንሽ ቆይቶ የአንሶላውን ጫፍ ገለጥ አድርጎ አየ። ሰባት ነጥብ ስድስት።

ያን ጊዜ ነው ቆቄ ለውሃው ወደምታስቀምጠው ዱቄት ዕቃ የሄደው። ቁጥሩ አልነሣ ሲላት ቆቄ ከዚያ ነጭ ዱቄት ቆንጠር አድርጋ፣ በብርጭቆ ውሃ አሟሙታ፣ ጠብ ጠብ እያደረገች ስትጨምር አይቷል። ትናንት እሱም አንድ ማንኪያ ሰጥቶት ነበር። ቁጥሩ ብድግ ሲል የደስታ እንባ መጣበት፤ ለቀስተኛው ሲመለስ ግን ቁጥሩም ወደነበረበት ተመለሰ። ዛሬ ጠዋት ደግሞ ሁለት። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል እንዲሉ፣ እሱም ሳይውል ሳያድር ወረደ። አሁን ማንኪያውን ቆልሎ ሞላው። ማሟሟቱ ትዝ አላለውም፤ ፍርሃቱ እያጣደፈው አንሶላውን ገለጥ አድርጎ እንዳለ ጨመረው።

ውሃው ወተት ሆነ።

ዓሦቹ ጠፉ። ኮራሉ ጠፋ። በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ! ሹፌሩ ማንኪያውን እንደያዘ ቀረ። ነጩ ቀስ እያለ ሲገፈፍ፣ ኮራሉ ሁልጊዜ ዘርግቶ የሚያወዛውዛቸውን አበባ መሳይ ጣቶች በሙሉ ወደ ውስጥ ሰብስቧቸዋል። ዓሦቹ ጥግ ላይ ተለጥፈው ቶሎ ቶሎ ይተነፍሳሉ። ቁጥሩም ለአፍታ ብድግ ብሎ መልሶ ሰባት ነጥብ ስድስት ሆነ።

«ገደልኩት» አለ።

ቆቄ ዕቃ የምትገዛበት የዓሣ ሱቅ ስልክ ቁጥር ዱቄቱ ዕቃ ላይ ተለጥፏል። ጓዳ ገብቶ ደወለ።

«ሃሎ፣ የባለመነጽሯ አባት ነኝ።»

«እንዴ ጋሼ! እንዴት ሰነበቱ? እሷስ ምነው ጠፋች? ያዘዘችው ጨው መጥቶላታል እኮ፣ ይንገሩልኝ።»

ሹፌሩ ቃሉን ከሰው አፍ ሲሰማው ነው የሰነበተው። ከራሱ አፍ ወጥቶ አያውቅም።

«ሞታለች» አለ።

ከወዲያ በኩል የሱቁ ገንዳዎች ሲንቦጫቦጩ ብቻ ተሰማ። «ምን... ምን አሉኝ ጋሼ?» ሰውየው ድምፁ ተሰበረ።

«እሱን ኋላ እናለቅሰዋለን ልጄ። አሁን ኮራሉ ሊሞትብኝ ነው፤ ድረስልኝ።»

ቁጥሩን፣ ዱቄቱን፣ አንሶላውን አንድ ባንድ ነገረው። ባለ ሱቁ አፍንጫውን ሳበና ተናገረ። «ዱቄቱን ያስቀምጡት። ከእንግዲህ ቅንጣት እንዳይጨምሩ፤ ውሃው ዱቄት አላነሰውም። አንሶላውንም ያንሡት፣ ብርሃን ሲያጣ ይብስበታል። ቤት ውስጥ ሰው ብዙ ነው?»

«ለቅሶ ቤት አይደል? ሙሉ ነው።»

«መስኮቱስ?»

«በዚህ ብርድ ማን ይከፍተዋል?»

«ጋሼ፣ ሰው የተነፈሰው አየር ቤት ውስጥ ሲታፈን ውሃው ይጠጣዋል፤ ሲጠጣው ይኮመጥጣል። ነገሩ ሌላ አይደለም። ለዚህ እኮ ነው ቱቦዋን በመስኮት ያወጣቻት፤ አረፋ የሚያወጣው ማሽን የውጭውን አየር እንዲስብ። ቱቦዋ ቦታዋ አለች አይደል?»

ሹፌሩ ስልኩን እንደያዘ ወደ ሳሎን አጮለቀ። መስኮቱ ጥርቅም ብሏል። ቱቦዋ ከገንዳው ኋላ ወለል ላይ ተጠቅልላ ተኝታለች።

እዚያ ያስተኛት እሱ ነው።

ያች ቱቦ ያለ ድርድር አልወጣችም ነበር። በዚህ ቤት መስኮት አይከፈትም። ቆቄ ገንዳውን ያመጣች ሰሞን አባትና ልጅ ሲነታረኩ ሰነበቱ፤ በመጨረሻ እሷ ወፍራም የአንገት ልብስ ገዝታ መጣችና አንገቱ ላይ ጠመጠመችለት። «ስማኝ አባዬ። አንተ አንገትህን ትሸፍናለህ፣ እኔ ጣት የምታህል ክፍተት እከፍታለሁ። ተስማማን?» የአሮጌ መነጽር እጀታ አጉብጣ ማንጠልጠያ ሠራችና ቱቦዋን መስኮቱ ጠርዝ ላይ አሰረቻት። ከዚያ ወዲህ ሹፌሩ አንገቱን ሳይሸፍን ሳሎን ተቀምጦ አያውቅም፤ ውል ውል ነው።

ከቀብር የተመለሱ ዕለት እትዬ «ይኼ ነፋስ ከየት ነው?» ስትል ግን ከማንም ቀድሞ ተነሣ። ቱቦዋን ጎትቶ አስገባት፣ ማንጠልጠያዋ እጁ ላይ ቀጭ አለች፣ ስባሪዋን ከጥራጊው ጋር ጠረጋት፣ መስኮቱን ዘግቶ ስንጥቁን በጨርቅ ጠቀጠቀው። ለቅሶ ላይ የነበረ ሰው ለዚህ ጊዜ አለማጣቱ! የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል።

ሳሎን ተመልሶ መጀመሪያ አንሶላውን ገፈፈ። ቀጥሎ መስኮቱ ፊት ቆመ። እጁ ወደ መክፈቻው አልሄድ አለው።

የቆቄን እናት ነፋስ ነው የገደላት። ሐኪሙ የሳንባ ምች ነው፣ ተውሳክ ነው ቢለውም ሹፌሩ የሚያውቀውን ያውቃል። በራሱ አውቶቡስ፣ ነገ አሠራዋለሁ እያለ ባሳደረው መስታወት አልባ መስኮት አጠገብ ተቀምጣ፣ ዝናብና ነፋስ ሲገርፋት ዋለች። «ግድ የለም፣ ንዳ» ነበር ያለችው። ሳምንት አልቆየችም። ከዚያ በኋላ ትንሿን ቆቄ ከሹፌር ወንበር ጀርባ እያስቀመጠ ነው ያሳደጋት። እሷ ግን እናቷን የወሰደባትን ነገር አልፈራችውም። ዓይኑ ከኋላ ማሳያ መስታወቱ ዞር ሲል እጇን በመስኮት ብቅ ታደርጋለች።

«ቆቄ! እጅ ወደ ውስጥ!»

«ነፋስ እየያዝኩ እኮ ነው አባዬ።»

ለተሳፋሪም ለልጁም ሥራ እስኪያቆም የጮኸው ይህንኑ ነው፤ እጅ ወደ ውስጥ።

ጨርቁን መዞ ጣለ፤ መስኮቱንም በኃይል ከፈተው። ቀዝቃዛው አየር ፊቱን ሲመታው ገደል ያየ ያህል ወደ ኋላ አለ።

«ምን ማድረግህ ነው!» እትዬ ከጓዳ ሮጣ መጣች። «ሽማግሌ አለ፣ ያላበው ሰው አለ፣ ሁላችንንም ሊመታን ነው! ሚስትህን ምን እንደገደላት ረሳኸው?»

 ሹፌሩ ወደ እህቱ ዞረ።

«አልረሳሁም እትዬ። አሁንም እፈራለሁ። ግን የልጄ ነገር በእኛ ትንፋሽ እየሞተ ነው፤ በዓይን አይደለም። እኔው ነኝ የዘጋሁበት።»

 ግድግዳውን ተደግፎ የነበረው ጎረቤታቸው ፀጉር አስተካካዩ ጉሮሮውን ጠረገ። «እኔስ ተመስገን ነው የምለው። ታፍኜ ሌላ ለቅሶ ላስጠራችሁ ነበር» አለና ወንበሩን ብድግ አድርጎ ወደ ደጅ ወጣ። አንድ ሁለቱ ተከተሉት፤ የቀሩትም ልብሳቸውን እየሰበሰቡ ራቅ ብለው ተቀመጡ።

ሹፌሩ የአንገት ልብሱን ፈትቶ እህቱ አንገት ላይ ጠመጠመላት። ከዚያ ቱቦዋን በመስኮቱ አወጣት። ጠርዙ ላይ አስተኝቷት እጁን ሲያነሣ ተንሸራታ ወደ ውስጥ ወደቀች። ደግሞ አወጣት፤ ደግሞ ወደቀች። ማንጠልጠያዋን በዓይኑ ፈለጋት፣ ከጥራጊው ጋር መሄዷ ትዝ አለውና ዓይኑ ሞላ። ወንበር ስቦ መስኮቱ ሥር ተቀመጠ። የቱቦዋን ጫፍ በጣቶቹ ያዘና እጁን ወደ ውጭ አወጣ።

ነፋሱ ጣቶቹን ነከሰው። ቅዝቃዜው በእጅጌው ሽቅብ ሲወጣ፣ አብሮት የሚወጣው ፍርሃት ደረቱ ደርሶ ሲቀመጥ ተሰማው። መለኪያዋ ከዚህ አትታየውም፤ ቆቄ በሠራችለት መነጽር እንኳ አትታየውም።

«ስንት ይላል እትዬ?»

 እትዬ የአንገት ልብሱን ጠበቅ አድርጋ፣ ገንዳው ሥር አጎነበሰች። «ሰባት ነጥብ ስድስት።»

«አሁንስ?»

«ያው ነው።»

ከመንገዱ በኩል አንድ መኪና ጥሩንባ ነፍቶ አለፈ። ለቀስተኞቹ በሹክሹክታ ያወራሉ። ሹፌሩ አለቀሰ፤ ከቀብሩ ወዲህ እንዲህ አላለቀሰም። ፊቱን ለመጥረግ ግን እጁን አላስገባም።

«አሁንስ እትዬ?»

«ቆይ እስቲ...» አለች፤ ዓይኗን አጨንቁራ ወደ ቁጥሩ ተጠጋች። ድምፅዋ ተለወጠ። «ሰባት ነጥብ ሰባት። አዎ፣ መጨረሻው ሰባት ነው።» ቀና ብላ አየችው፤ ጣቶቹ በብርድ ቀልተዋል። «በቃ፣ አሁን እጅህን አስገባና ትንሽ አሙቀው፣ ወንድሜ።»

ሹፌሩ እጁን እስከ ክርኑ ወደ ውጭ አወጣው።