አጣቢው የጣላቸው ሙከራዎች

«እጅ አንሱ!» ተብሎ ሲጮህ እሷ ደረጃው ላይ ቆማ ከታላቅ እህቷ ጋር በስልክ ስታወራ ነበር፤ አልሰማችም።

ጩኸቱ የቢሮው ደንብ ነው። የአምቡላንስ ጥሪ የሚያከፋፍለውን ፕሮግራም የሚጽፉት ሁሉ የሚሠሩት በአንድ የጋራ መዝገብ ላይ ነው፤ እያንዳንዱ ሙከራ ከነማስታወሻው እዚያ ይመዘገባል። የቡድኑ አንጋፋ ግን ዝርክርክ ነገር አይወድም። ያልተሳካውን እየሰረዘ፣ የተበታተነውን እየገጠመ መዝገቡን በየጊዜው እንደ አዲስ ይጽፈዋል። «አጣቢው» የሚል ስም የወጣለትም ለዚሁ ነው። ከማጠቡ በፊት ይጮሃል፤ ሁሉም የሠራውን አስረክቦ እጁን ከኪቦርዱ ያነሳል። ከታጠበ በኋላ ደግሞ ሁሉም በኮምፒውተሩ ያለውን አሮጌ ቅጂ ጥሎ አዲሱን ይወስዳል።

ተመልሳ ስትቀመጥ መዝገቡ መለወጡን የሚናገር መልእክት ጠበቃት። እንደ ልማዷ አሮጌውን ጥላ አዲሱን ወሰደች። ሳምንቱን ሙሉ ስትታገለው የከረመችው፣ ገና ያላስረከበችው ሥራ ድራሹ ጠፋ። መንገድ የተዘጋበትን አምቡላንስ በሌላ የሚተካው ክፍል ነበር፤ ፕሮግራሙን ለደንበኞቹ የማስረከቢያው ቀጠሮ ደግሞ ዛሬ ከሰዓት ነው።

ክው አለች። ድሮም ቢሆን ለዚህ ሥራ መፈጠሯን ትጠራጠር ነበር። የሂሳብ መምህርት ነበረች፤ ፕሮግራም መጻፍ የተማረችው በማታ ኮርስ ነው። የአጣቢውን መዝገብ ባነበበች ቁጥር አንድም ስህተት ስለማታገኝ፣ እነዚህ ሰዎች ከእናታቸው ሆድ አውቀው የወጡ ይመስላት ነበር። የቀድሞ ትምህርት ቤቷ ዳይሬክተር ልመለስ ካለች ቦታው እንዳለ እዚያው በምታስተምረው እህቷ በኩል ልኮባታል፤ መልሱንም ዛሬ ይፈልጋል። ስልኳን አነሳች።

«እትዬ፣ እመጣለሁ በዪው» አለችና ሳታስጨርሳት ዘጋች።

አጣቢው በአጠገቧ ሲያልፍ ቆም አለ። «ምን ሆነሻል ቲቸር? ፊትሽ አመድ መስሏል።»

«ሥራዬን ውሃ በላው።»

«ስጮህ አልሰማሽም እንዴ?»

«ደረጃው ላይ ነበርኩ። አንተስ፣ ወንበሬ ባዶ መሆኑን ሳታይ ነው የምታጥበው?»

ራሱን አከከ። «እሱስ እውነትሽን ነው፤ ጥፋቱ የኔ ነው። ግን አይዞሽ፣ የተጣለ ሁሉ ወዲያው አይጠፋም። ኮምፒውተርሽ ያለፍሽበትን ሁሉ ለጊዜው ያስታውሳል።»

አጭር ትእዛዝ አስጻፋት። ስክሪኑ ከላይ እስከ ታች በጽሑፍ ሞላ። ሥራዋ ከነማስታወሻው እዚያው ነበር፤ እፎይ አለች። ከሥሩ ግን ሌላም አለ። ወደ ታች ወረደች። ከእያንዳንዱ እጥበት በፊት ወስዳው የነበረ፣ አጣቢው በኋላ የሰረዘው ሁሉ በስሙ ተደርድሯል፦ «አሁን ይሠራል»፣ «አልሠራም»፣ «ይሄኛውስ?»፣ «ምን ነካኝ?»፣ «እንደገና ከሀ»።

«ይሄ ለአምቡላንሱ አጭሩን መንገድ የሚመርጠው ስሌት ነው?»

«ኧረ ዝጊው!»

«በአንድ ትንፋሽ የጻፍከው መስሎኝ ነበር እኮ።»

«በአንድ ትንፋሽ? ባለቤቴን ጠይቂያት። በእንቅልፍ ልቤ ‹ወደ ግራ ታጠፍ፣ ወደ ግራ!› እያልኩ ነበር የማሳድራት።»

እሷ ግን መሳቁ ቀርቶ አፏን ይዛ ቀረች። ስትቀናበት በኖረችው በዚያ ለስላሳ ሥራ ሥር ይህን ያህል መውደቅና መነሳት መኖሩ ከምንም በላይ አስደነቃት። ሰውዬው ከሷ እኩል ተደናብሯል፤ እንዲያውም ይብሳል። ማቋረጥ ብቻ ነው ያላወቀበት። ዓይኗን ከስክሪኑ መንቀል አቃታት፤ ደረቷ ውስጥ የሆነ ነገር ሰፋ አለ።

ሥራዋን ወደ ቦታው መለሰችና ደወለች።

«ነገርሽው?»

«ስብሰባ ላይ ነው፤ ሲወጣ ልነግረው ነበር። ምነው?»

«ተዪው እትዬ፣ ሌላ ሰው ይፈልጉ።»

«አንቺ ልጅ! አሁን አይደለም እንዴ እመጣለሁ ያልሽኝ?»

«አሁን ነው። ማታ ቤት መጥቼ አስረዳሻለሁ።»

አጣቢው ወንበር ስቦ ተቀምጦ ነበር። «በይ ላኪልኝ፣ ርክክቡ ሳይደርስ ቶሎ አጠብ አጠብ ላድርግልሽ።»

ማስታወሻዎቿን አየቻቸው፦ «አልገባኝም»፣ «አሁንም ተሳሳትኩ»፣ «ወይ ጉድ»፣ «ሠራ!»

«የኔ አይታጠብም» አለች።

«ተረካቢዎቹ ያዩታል እኮ!»

«ይዩት። ከኔ ቀጥላ የምትቀጠረዋም ትየው» ብላ እንዳለ ላከችው።