ሦስት ጨርቅ፣ ስድስት ፊት

ሱቁ አንድ ነው፤ ጌቶቹ ግን ሁለት። በቀኝ በኩል ባል ፀጉር ይቆርጣል፣ በግራ በኩል ሚስት ልብስ ትሰፋለች። መሃል ላይ የወደቀውን ፀጉርና ቁርጥራጭ ጨርቅ ማን ይጥረግ በሚል ሃያ ሁለት ዓመት ተነታርከዋል።

በዚያ ሳምንት ግን ጥረጋው ተረስቷል። ሰፊዋ ቅዳሜ ፈተና አለባት። የአንድ ሙያ ማሠልጠኛ ሰዎች የእጇን ሥራ አይተው የስፌት አስተማሪ ሊያደርጓት ፈልገዋል፤ የቀራት ሒሳብ ማለፍ ብቻ ነው። ሁለት ጊዜ ወድቃለች። ሦስተኛው የመጨረሻ ነው፣ ከዚያ ወዲያ ለፈተና አያስቀምጧትም። ሁለቱንም ጊዜ ጉድ የሠራት ያው አንድ ምዕራፍ ነበር፦ ዕድል ማስላት።

ረቡዕ ጠዋት መጽሐፉን ስፌት መኪናው ላይ ዘርግታ ጮክ ብላ አነበበች።

"በከረጢት ውስጥ ሦስት ካርዶች አሉ። አንዱ በሁለቱም ፊቱ ቀይ ነው፣ አንዱ በሁለቱም ፊቱ ጥቁር፣ አንዱ ደግሞ በአንዱ ቀይ በሌላው ጥቁር። ሳያዩ አንዱን አውጥተው ቢያስቀምጡ የሚታየው ፊት ቀይ ሆነ። ከሥር ያለውም ቀይ የመሆኑ ዕድል ስንት ነው?"

"ግማሽ!" አለ ባሏ፣ ምላጩን ከደንበኛው ከአናጢው ጉሮሮ ላይ ሳያነሳ። "ጥቁር በጥቁሩ ወጣ። ሁለት ቀሩ። ወይ ይሄ ነው ወይ ያ። አይደለም እንዴ፣ ወንድሜ?"

"ነው" አለ አናጢው፣ ከንፈሩን እንኳ በቅጡ ሳያንቀሳቅስ።

"ይኸው! ምስክር ቆመልኝ።"

"መጽሐፉ ግን ከሦስት ሁለት እጁ ነው ይላል።"

"የማተሚያ ቤት ስህተት ነዋ! እነሱ በተሳሳቱት አንቺ ምን አስጨነቀሽ?"

"ባለፈውም ግማሽ ብዬ ነው የወደቅኩት፣ አንተ ሰውዬ" አለችና መቀሱን አነሳች። ለሷ በእጅ ያልተነካ ነገር ሁሉ ወሬ ነው። ከቁርጥራጩ መርጣ ቀይ ከቀይ፣ ጥቁር ከጥቁር፣ ቀይ ከጥቁር ጀርባ ለጀርባ አጋጥማ ሰፋች። እጇም በልማዱ፣ ሳታዝዘው፣ በእያንዳንዱ ጨርቅ ግልባጭ ላይ በጠመኔ የመስቀል ምልክት አደረገ። ልብስ ሰፊ ጨርቅ ሲሰጡት መጀመሪያ የሚጠይቀው ፊቱ በየት በኩል ነው ብሎ ነው። ግልባጩን ያልለየ ሰፊ እጅጌ ገልብጦ ይሰፋል። ቀይና ጥቁር በሆነው ጨርቅ ላይ ቀዩን ፊት አለችው፣ ምልክቱ ጥቁሩ ላይ ዋለ።

ሦስቱን ከረጢት ውስጥ ከተተች። ጢሙ ያለቀለት አናጢ ከወንበሩ ወርዶ ማውጣት፣ እሷም መመዝገብ ጀመሩ። ጥቁር ሲወጣ ይመለሳል። ቀይ ሲወጣ ይገለበጥና ይጻፋል። ቀይ ባለ ጠመኔ ሲወጣ ደግሞ፦

"እሱ ግልባጩ ነው፣ መልሰው" ትላለች።

ሃያ አንድ ቀይ ሲሞላ ቆጠረች። ከሥሩ ቀይ የሆነው አሥር፣ ጥቁር የሆነው አሥራ አንድ።

ባልየው ፎጣውን እንደ ባንዲራ አውለበለበ። "ግማሽ! መጽሐፉን ለሽንኩርት መጠቅለያ አድርጊው!"

ሰፊዋ የጻፈችውን እንደገና ቆጠረች። ደስ ሊላት ይገባ ነበር፤ ግን በግማሽ ሁለት ጊዜ ወድቃለች። አናጢው በዚህ መሃል እንደ ዋዛ አንድ ጨርቅ አወጣ። ቀይ፣ ባለ ጠመኔ።

"እኔ የምልሽ፣ እህቴ" አለ፣ "ይሄን ለምንድን ነው የምታስመልሺኝ? ቀይ አይደለም እንዴ?"

"ግልባጩ ነዋ።"

"ለኮት ከሆነ ግልባጭ ነው። ለከረጢቱ ግን ምኑ ነው?"

ጨርቁን ተቀበለችው። ገለበጠችው፣ መልሳ ገለበጠችው። በሁለቱም በኩል ያው ቀይ ነው፤ የሚለየው የገዛ ጠመኔዋ ብቻ። ሌሎቹንም አወጣችና ጠረጴዛው ላይ ደረደረቻቸው። ሦስት ጨርቅ፣ ስድስት ፊት። ከስድስቱ ቀዩ ሦስት። ከሦስቱ ቀዮች ሁለቱ ከጀርባቸው ቀይ ይዘዋል፣ አንዱ ብቻ ጥቁር። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ግልባጭን አለመቁጠር እንጀራዋ ነበር፤ ለካ ሁለት ጊዜ የጣላትም እሱ ኖሯል።

ምልክቱን በአውራ ጣቷ ጠረገችው። "አሁን እንደገና" አለች። በሠላሳ ቀይ አሥራ ዘጠኙ ከሥሩም ቀይ ሆነ። ባልየው ጉሮሮውን ጠርጎ የተረሳውን ወለል መጥረግ ጀመረ።

ቅዳሜ ፈተናው ላይ ካርድም ከረጢትም አልነበረም። ሁለት ልጆች ያሏት እናት መጣችባት፦ ቢያንስ አንዷ ልጅ ሴት መሆኗ ከታወቀ፣ ሁለቱም ሴቶች የመሆናቸው ዕድል ስንት ነው? እጇ ቀድሞ ጻፈ፦ ሁለቱም ሴት፣ ሁለቱም ወንድ፣ አንድ ሴት አንድ ወንድ። ሁለቱም ወንድ ሲሰረዝ ሁለት ይቀራል። ግማሽ።

እርሳሷን አስቀመጠች። "አንድ ሴት አንድ ወንድ" የሚለውን መስመር እንደ ጨርቅ አየችው። ይሄ ግልባጭ የለውም? ታላቋ ሴት፣ ታናሹ ወንድ። ሲገለበጥ ታላቁ ወንድ፣ ታናሿ ሴት። እንደ አንድ የቆጠረችው ሁለት ነበር። የቀረው ሦስት ሆነ፣ ሁለቱም ሴት የሆኑበት ከሦስቱ አንዱ። "ግማሽ" የሚለውን ሰርዛ "ሲሶ" ብላ ጻፈችና፣ ፈታኞቹ በቁጥር እንደሚወዱ ትዝ ብሏት ከጎኑ 1/3 አለችበት።

ማለፊያው ሃምሳ ነበር። ሃምሳ ሦስት አመጣች፤ ያ ጥያቄ ብቻውን አራት ይይዛል።

የውጤቱን ወረቀት ይዛ ስትገባ አናጢው ወንበሩ ላይ ነበር፣ በአረፋ ተሸፍኖ። ባሏ ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አነበበው፣ ዓይኑን በክንዱ ጠረገና ሳሙና ገባብኝ አለ። ወዲያው ግን ምላጩን አንስቶ ወደ ወንበሩ ዞረ።

"ቢሆንም ነገሩ ግማሽ ነው። አይደለም እንዴ፣ ወንድሜ?"

"ነው" አለ አናጢው።

"መጀመሪያ ምላጩን አንሳለት" አለች ሰፊዋ፣ "ከዚያ ጠይቀው።"

ምላጩ ተነሳ።

"ከሦስት ሁለት እጁ" አለ አናጢው።