የአርብ ገበያው መሐላ

ደምሌ ከጎታው ኋላ ከተደበቀ ዓመት ሊሞላው ነው። ለአርብ ገበያ ሰው ግን «ሁመራ ለሰሊጥ ሥራ ወርዷል» ተብሏል። ያኔ ወጣቱ ሁሉ ለብሔራዊ ውትድርና እየታፈሰ ይሄዳል፤ የሄደውም አይመለስም። እናቱ እትዬ ንግስት ደግሞ ሌላ ልጅ የላቸውም።

በዚህ መሀል ሚስቱ ስንዱ አረገዘች።

«እትዬ ንግስት፣ ዘንድሮ ሁመራ ተቀምጦ ማስረገዝም መጣ?» አለቻቸው ጎረቤታቸው ውብነሽ፣ ምንጭ ላይ እንስራዋን እያዘለች። ሴቶቹ ተሳሳቁ።

ሳቁንስ ይችሉት ነበር። ያስፈራቸው የቀበሌው ታጣቂ ቻላቸው ያለው ነው፦ «ምራቷ ስትማግጥ ዝም የምትል አማት የት አለች? ይህች ሴትዮ የምታውቀው ነገር ቢኖር ነው።»

ስንዱም ሰማች። «ሰው እያየ ያባርሩኝ» አለች። «ስማዳ አባቴ ዘንድ እሄዳለሁ።»

«ደምሌስ?»

«አይንገሩት። ከነገሩት ይወጣል።»

አርብ ዕለት፣ ገበያተኛው በደጅ ሲያልፍ፣ እትዬ ንግስት የስንዱን ልብስ መንገድ ላይ ወረወሩት። «ውጪልኝ! የልጄን ቤት አረከስሽው!» ድምፃቸው የሌላ ሰው መሰላቸው። ስንዱ ጎንበስ ብላ ልብሷን ለቀመች። አላለቀሰችም።

ቻላቸው ጠመንጃውን እንዳነገተ ያያል። «የደምሌ አለመሆኑን በምን እንወቅ? እስቲ ይማሉ!»

 እትዬ ንግስት እጃቸውን ወደ ሰማይ አነሱ።

«ሚካኤልን! የልጄ አይደለም።»

ቻላቸው መንገዱን ቀጠለ፤ ስንዱም መንገዷን ቀጠለች።

እትዬ ንግስት ቤት ሲገቡ ደምሌ ጎታውን ተደግፎ ቆሟል። ሁሉንም ሰምቷል።

«አንተን ለማትረፍ ነው፣ ልጄ። ራሷ ናት ያለችኝ።»

«እማ፣ በሚካኤል እኮ ነው የማልሽው።»

«ታዲያ ይውሰዱህ?»

«አንቺ በሚካኤል በሐሰት ምለሽ አታውቂም» አለና ተመልሶ ከጎታው ኋላ ተቀመጠ።

ከወራት በኋላ የመንግሥት ወታደር አካባቢውን ለቆ አፈሳው ሲቀር ደምሌ ፀሐይ ላይ ወጣ። ስንዱ ወንድ ልጅ መውለዷን የስማዳ ገበያተኞች ነገሩት። እናቱ «የዋሸሁት እኔ ነኝ፣ ሂድና አምጣቸው» ይሉታል፤ እሱ በሬዎቹን ጠምዶ ይወጣል። ማታ ራት ይቀርብለታል፤ ይበላል።

ቢቸግራቸው እትዬ ንግስት ብቻቸውን ስማዳ ወረዱ። ስንዱ ልጁን አዝላ ተቀበለቻቸው፤ ውሃ አሙቃ እግራቸውን አጠበችላቸው።

«እሱስ?» አለች ቀና ሳትል።

«እርሻው ይዞት ነው።»

«እሺ» አለች። ውሃውን ይዛ ልትደፋ ወጣች።