ራሱን ያዳነው ማንጎ

ላንቴ ቀበሌ ውስጥ አበራሽን ውሸታም ብሎ የሚያማት የለም። ዘንድሮ ግን አንጀቷ አልቻለም። ባሏ ከሞተ ወዲህ ቤቷን ደግፈው የያዙት አራት የማንጎ ዛፎች ማንጎ በሚያደርቅ ነጭ ተባይ ተወርረው ቅጠላቸው ይረግፋል። ዩኒቨርሲቲውና የፍራፍሬ ነጋዴው ከሊል በጋራ በጀመሩት ሙከራ፣ የአንዳንድ ጎረቤቶቿ ዛፎች ሥር መድኃኒት ይፈሳል፤ የእሷዎቹ ለማነጻጸሪያ ሳይነኩ ይቆያሉ። መድኃኒቱ ፍቱን ከሆነ ለቀበሌው ሁሉ ይደርሳል ተብላ ፈርማለች። መፈረሙ ምን ይከብዳል? ቁጭ ብሎ ማየቱ ነው የሚገድለው። ከጎረቤት የተረፈውን ግማሽ ባልዲ መድኃኒት ወስዳ ደጃፏ ላለው ዛፍ አፈሰሰችለት። ለማንም ትንፍሽ አላለችም።

ከሁለት ወር በኋላ ተመራማሪዋ ሉሊት የዛፉን ቅጠል እያገላበጠች ተባይ ፈለገች፤ አጣች።

«እትዬ አበራሽ፣ ይሄ ዛፍ እኮ ራሱን አድኗል። ተባዩን የሚቋቋም ዝርያ ሳይሆን አይቀርም።»

በዚያው ሳምንት ከሊል መጣ። የእሱም መጋዘን ባዶውን ከከረመ ሁለት ዓመቱ ነው።

«ቅርንጫፉን እየወሰድን እናዳቅላለን» አላት። «ችግኙን ለቀበሌው እኔ አስፈላለሁ፣ ፍሬውንም እኔው እገዛለሁ።»

ወሬው ከእሱ ቀድሞ ላንቴን አዳረሰ። እሷ ነገ እናገራለሁ፣ ነገ እናገራለሁ ስትል ሁለት ሳምንት ሄደ። ፈሪ ሆነች፤ ሌላ ስም የለውም።

አንድ ጠዋት የመጋዝ ድምፅ ሰምታ ወጣች። ሙከራው ውስጥ ያልገባው ጎረቤቷ ተስፋጽዮን ስምንት ማንጎ ጥሎ ዘጠነኛውን ይዟል።

«ጋሽ ተስፋጽዮን፣ ምን እያደረጉ ነው?»

«ላንቺ ዝርያ ቦታ እያዘጋጀሁ ነዋ። በበሽተኛ ዛፍ ምን አለፋኝ?»

ያኔ ነገረችው። ባልዲውንም፣ ዝምታዋንም። ሽማግሌው ግንዱ ላይ ተቀመጠ።

«መድኃኒቱ ይሠራል ማለት ነው?»

«ይሠራል።»

«የእኔንም ያድን ነበር።»

ቢሰድባት በወደደች።

«ሂጂ» አላት ቀና ሳይል። «ለልጅቷም፣ ለነጋዴውም፣ ለሰዉም ንገሪ።»

መንገድ ላይ ስትደርስ ከታች ሰፈር ሌላ መጋዝ ይጮኻል፣ ከቦዩ ማዶም ሌላ። የቱ ጋ ቀድማ እንደምትደርስ ግራ ገባት። ነጠላዋን ጥላ ወደ ቅርቡ ሮጠች፤ ገና ሳትደርስ ዛፉ ሲወድቅ ሰማችው።